ሠላሳ ቀን በአሮጌው መካነ መቃብር

ታላቁ ጦርነት በዕርቅ በተፈጸመ በሦስተኛው ዓመት፣ የክረምቱ ዝናብ ባባራ በአሥረኛው ቀን፣ ከከተማዪቱ በስተምዕራብ ባለው ኮረብታ ላይ የሚገኘው አሮጌ መካነ መቃብር ጤዛውን እንደ ለበሰ ፀሐይ ወጣችለት። ሦስት መቶ ዓመት ያህል ሙት ሲቀበል የኖረ ስፍራ ነበረ፤ የመጀመሪያዎቹ ድንጋዮች እስከ አንገታቸው መሬት ውስጥ ሰምጠው፣ የኋለኞቹ እንደ ደከመው ሽማግሌ ወደ ጎን ዘመም ብለው፣ ሁሉም በሐረግና በዱር አበባ ተያይዘው፣ ከሩቅ ለሚያየው መቃብር ሳይሆን ባለቤቱ ርቆ የሄደ የአትክልት ቦታ ይመስል ነበረ። ዝናብ ፊደላቱን ልሶ ልሶ አለስልሷቸዋል፤ «እዚህ ያረፈው» የሚለው ብቻ ቀርቶ ማን እንዳረፈ የማይታወቅበት ድንጋይ ብዙ ነው። በአንድ ነጋዴ ሐውልት ስንጥቅ ውስጥ ንብ ገብታ ማር ትሠራለች፤ በስመ ጥሩው ዳኛ መቃብር ላይ ከቆመው የድንጋይ ሚዛን አንዱ ሳሕን ወድቆ ሌላው ብቻውን ተንጠልጥሏል፤ ባልና ሚስት ከተቀበሩበት ላይ የተቀረጹት የተጨባበጡ እጆች ጣታቸው ሟሙቶ የማን ጣት የማን እንደ ሆነ መለየት አይቻልም።

የዚህ ስፍራ ጠባቂ በዚያ ዘመን ስድሳ አንድ ዓመት የሞላው፣ ዘለግ ያለ፣ ከግራ እጁ ሁለት ጣት የጎደለው ሰው ነበረ። በወጣትነቱ ድንጋይ ጠራቢ ነበረና ጣቶቹን የወሰደበት ድንጋይ እዚያው ኮረብታ ላይ በአንድ ባላባት ራስጌ ቆሟል፤ «ሁለቱ ቀድመው ገብተዋል፤ የቀረሁት እኔ ነኝ» እያለ ይቀልድ ነበረ። የከተማው ሰው «አባ ሐረግ» ይለዋል። ሹመቱን በተቀበለ በመጀመሪያው ዓመት፣ ወጣት ሹም መቼም ሥራ ይበዛበታልና፣ ሐረጉን ሁሉ ከሐውልቶቹ ላይ ሙልጭ አድርጎ ገፈፈው፤ በሚከተለው ክረምት አሥራ አንድ ሐውልት ተራ በተራ ተናደ። ሐረጉ ድንጋዩን የሚበላው መስሎት ነበረ፤ ለካ ደግፎ ያቆመው እሱ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ መተላለፊያውን ብቻ ያጸዳ ነበረ እንጂ በመቃብሮቹ ላይ የበቀለውን አንዲት ቅጠል አልነካም፤ ሰነፍ ነው ያሉትም ነበሩ፤ እሱ ግን ትጋቱ ከባድ ትምህርት አስተምሮት ነበርና አይከራከራቸውም ነበረ።

በዚያ ማለዳ ሦስት ሰዎች ረጃጅም ዘንጎችና ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ተሸክመው በዋናው በር ገቡ። ከኋላቸው የሚመጣው አራተኛው፣ ጫማው በጭቃ የተለወሰ ቀጭን ወጣት፣ የሐዲዱ መሐንዲስ ነበረ። አባ ሐረግ መጥረጊያውን ይዞ ቆመ።

«እንደምን አደሩ አባቴ። ጠባቂው እርስዎ ነዎት?» አለ መሐንዲሱ።

«እግዜር ይመስገን። ጠባቂው እኔ ነኝ፤ ባለቤቶቹ ግን ተኝተዋል። ምን ልታዘዝ?»

መሐንዲሱ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ዐዋጁ አጭር ነበረ፤ ከመናገሻው ከተማ እስከ ወደቡ የሚዘረጋው የብረት መንገድ በኮረብታው መካከል ስለሚያልፍ ስፍራው ይቆረጣል፤ ድንጋዩ ከታች ባለው ወንዝ ላይ ለሚሠራው ድልድይ ይውላል፤ ዘመድ ያለው በሠላሳ ቀን ውስጥ አፅሙን አንሥቶ በምሥራቅ በኩል በተከፈተው አዲስ መካነ መቃብር ያሳርፍ፤ ያልተነሣው እንዳልነበረ ይቆጠራል።

አባ ሐረግ ፊደል ያውቃልና ወረቀቱን ተቀብሎ ራሱ ደግሞ አነበበው፤ ሲጨርስ በጥንቃቄ በእጥፋቱ አጥፎ መለሰለት።

«ሐዲዱ ትንሽ ዞር ቢልስ?»

«ዞር ይላል» አለ መሐንዲሱ፤ «ሁለት መቶ ክንድ ወደ ግራ ብንወስደው አንድ መቃብር አንነካም። ሁለት ጊዜ ጻፍኩ፤ ሁለት ጊዜ ተመለሰልኝ። በግራ ያለው ወፍጮ የማን እንደ ሆነ መቼም አያጡትም።»

አላጣውም። ወፍጮው የጦሩ አዛዥ ንብረት ነበረ፤ አዛዡም ከጦርነቱ ወዲህ ስሙ ሲጠራ ሰው ከመቀመጫው የሚነሣለት ሰው ነው።

«እንግዲህ» አለ አባ ሐረግ፤ «አራት ሺህ ሙት ተሰብስቦ አንድ ወፍጮ አያክልም ማለት ነው።»

ሠራተኞቹ ቀይ ጨርቅ የታሰረበትን ችካል ሲተክሉ መሐንዲሱ በተጨባበጡት እጆች ፊት ተቀምጦ በትንሽ ደብተሩ ላይ ይሥላቸው ጀመር፤ ፀሐይ አናት እስክትደርስ ድረስም አልተነሣም። አባ ሐረግ ከሩቅ ሆኖ ያየው ነበረ፤ ሊጠላው ፈልጎ ምክንያት አጣ።

በማግሥቱ የክት ልብሱን ለብሶ አቤቱታውን ይዞ ወደ አገረ ገዥው ግቢ ሄደ። አንድ ቀን በአጥሩ ሥር፣ ሁለተኛውን ቀን በበረንዳው፣ ሦስተኛውን ቀን በእልፍኙ ደጃፍ ዋለ፤ በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ተጠርቶ ገባ። አገረ ገዥው ወንበራቸውን ለቀው ተነሡለት፤ ይህን ሲያይ ነገሩ እንደማይሆን ያን ጊዜውኑ ገባው፤ እሺ የሚል ሹም አይነሣምና።

«ክቡር ሆይ» አለ እጅ ነሥቶ፤ «እነዚያ ሰዎች ማንንም አላስቸገሩም። ቀለብ አይጠይቁ፣ ጠብ አያነሡ። ካሉበት ባይነኩብኝ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«የኔም አያት እዚያው ናቸው፤ የሚዛኑ ድንጋይ የሳቸው ነው» አሉ አገረ ገዥው። «ልጅ ሳለሁ አባቴ እየወሰደኝ እዚያ ድንጋይ ሥር እቀመጥ ነበር። ይህን ዐዋጅ ስፈርም እጄ የቀለለኝ አይምሰልዎ። ትእዛዙ ግን ከላይ ነው። እምቢ ብል በሳምንቱ ሌላ ሰው እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይፈርመዋል፤ እርስዎም ያጣሉ፣ እኔም አጣለሁ፣ ባቡሩ ግን ያልፋል።»

«ገብቶኛል ጌታዬ።»

«ሌላ የምረዳዎት ነገር ካለ ግን ይንገሩኝ።»

አባ ሐረግ ጥቂት አሰበና በአዲሱ መካነ መቃብር ሁለት ጉድጓድ እንዲፈቀድለት ለመነ፤ አንዱ ለእናቱ፣ አንዱ ለሚስቱ። አገረ ገዥው በትሕትና ወደ ጸሐፊያቸው መሩት፤ ጸሐፊውም በትሕትና መዝገቡን ገልጦ አሳየው። ለአንድ ቤት አንድ ጉድጓድ፤ ለአንድ ጉድጓድ አንድ ስም። ባላባቶቹ ቦታውን አስቀድመው ስለ ወሰዱት ለቀረው ሕዝብ የተረፈው ጠባብ ነው።

«እኔና እኅቴ ሁለት ሰዎች ነን እኮ» አለ አባ ሐረግ።

«የምትገቡበት በር ስንት ነው?»

«አንድ።»

«እንግዲያው አንድ ቤት ናችሁ» አለ ጸሐፊው፤ ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ መዝገቡ ግን ሌላ ዓምድ አልነበረውም።

ታላቅ እኅቱ ሰባ ዓመት ያለፋት ልብስ ሰፊ ነበረች። ዓይኗ ደክሞ መርፌዋን በምላሷ ጫፍ እየዳሰሰች ነበረ ክር የምታስገባው፤ ጆሮዋና አንደበቷ ግን ገና የሃያ ዓመት ነበሩ። አባ ሐረግ ገብቶ ነገሩን ሁሉ ሲነግራት መስፋቷን አላቆመችም።

«ሁለቱን በአንድ ጉድጓድ ማድረግ አይቻልም ወይ?» አለች።

«ስም አንድ ነው የሚመዘገበው አለኝ፣ እትዬ።»

«ቢቻልም አይሆንም ነበር። እማዬና ሚስትህ አንድ ጣሪያ አልበቃቸው፤ አንድ ጉድጓድ እንዴት ብሎ ይበቃቸዋል? እስከ ትንሣኤ ድረስ ሲነታረኩ ከላይ ያለው ሰው እንቅልፍ አያገኝም።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። እሱ መሬት መሬቱን እያየ ተቀመጠ። ሚስቱ ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት በሃያ ሁለት ዓመቷ በወሊድ ሞታ ከነሕፃኗ በኮረብታው ሰሜን በኩል ተቀብራለች። ድንጋይዋን የጠረበው ራሱ ነበረ፤ «ተወዳጅ» ብሎ ሊጽፍ ሲል ፊደል ገድፎ «ተወጅ» ብሎ ቀረጸ፤ ድንጋይ ደግሞ እንደ ወረቀት አይፋቅም። ኋላ ሐረግ ወጥቶ ስሕተቱን በሸፈነለት ጊዜ ለሐረጉ ምስጋና የሰጠ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

እናቱን ግን እኅቱ ናት ያስታመመቻት። እሱ በሌላ ከተማ ድንጋይ ሲጠርብ ስምንት ዓመት አልጋ ላይ የዋለችውን ሴትዮ ያገላበጠች፣ እሱ ሙሽራ ሲሆን እሷ ሳታገባ የቀረች፣ ሚስቱ ስትሞት ደግሞ ዕቃዋን ጠቅልላ መጥታ ቤቱን ያቆመች እሷ ናት። ይህን አንድ ቀን በአፏ አንሥታበት አታውቅም፤ ስለዚህ ነው የከበደው።

«ምን ታስቢያለሽ?» አላት።

«እኔ ምን አውቃለሁ። ሚስትህ ናት፤ ልጅህም አለ አብሮ። እናትም ያው እናት ናት። አንተ ወስን።»

ይህን ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች፤ በጭኗ ላይ የነበረውን ጨርቅ ግን ያየ ሰው መልሱን ያገኛል። ነጭ ጥጥ ነበረ፤ ጠርዙ በጥልፍ ተይዟል፤ እናታቸው በሕይወት ሳለች ትወደው የነበረው ዓይነት ጥልፍ ነው። ዐዋጁ በከተማው ከተሰማ ገና አራት ቀኑ ነበረ፤ እሷ ግን በግማሽ አድርሳው ነበረ።

«እማዬን እናነሣለን» አለ አባ ሐረግ።

እኅቱ መርፌዋን አቆመችና «አምላክ ያክብርህ፣ አንተ ልጅ» አለች። በማግሥቱ ጉድጓዱ በእናታቸው ስም ተመዝግቦ ፈቃዱ ታተመ፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ስለዚህ ነገር አልተነገረም።

ኮረብታው በሰው ተሞላ። ሠላሳ አራት ዓመት ዘወር ብሎ ያላያቸው ወራሽ ሁሉ አካፋ ተሸክሞ መጣ፤ «አያቴ የት ናቸው?» የማይለው አልነበረም። ስማቸው የጠፋባቸው ድንጋዮች የማን የማን እንደ ሆኑ የሚያውቅ አባ ሐረግ ብቻ ነበረና ከማለዳ እስከ ምሽት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሮጥ ይውላል፤ ጎኑን ወደ ፀሐይ በሰጠው ድንጋይ ላይ ውሃ እያፈሰሰ፣ በቀሩት ስምንት ጣቶቹ ፊደሉን እየዳሰሰ «ይህ ነው፤ ቆፍሩ» ይላቸዋል። የዳኛውን ሐውልት አሥራ ሁለት የመንግሥት ሠራተኞች በገመድ አውርደው በሠረገላ ወሰዱት፤ የሚዛኑ የቀረች ሳሕን በመንገድ ላይ ወደቀች፤ ያነሣትም የለም። ዘመድ ያልመጣላቸው ግን እጅግ የሚበዙት ነበሩ። እነሱን በየቀኑ እያለፈ ሲሄድ ዓይኑን ይሰብር ነበረ፤ ቃል ሰጥቶ እንዳፈረሰ ሰው።

የራሱን ነገር ስለ ሌላው ሲል እያሳደረ ሃያ ስምንተኛው ቀን ደረሰ። በሃያ ዘጠነኛው ማለዳ እኅቱን ደግፎ ወጣ፤ ሁለት ቆፋሪዎችም አብረው መጡ። እናታቸው በኮረብታው አናት ከቆመው ታላቅ ሾላ በስተምሥራቅ ነበረች፤ በተቀበረችበት ዘመን ዛፉ ከሰው ቁመት ብዙም አይበልጥም ነበረ። ቆፋሪዎቹ ሣሩን ገፍፈው ክንድ ያህል እንደ ወረዱ አካፋቸው ቆመ። ሥር ነበረ፤ የሰው ጭን ያህል የወፈረ። ከሱ ሥር ሌላ፤ ከዚያም ሥር ሌላ። እስከ ቀትር ቆፍረው ከሥሮቹ መካከል ያገኙት ጥቂት የሣጥን ስብርባሪና አንድ የሚስማር ዝገት ነበረ።

«ሥሩ ሁሉንም አቅፎታል አባቴ» አለ አንደኛው ቆፋሪ ላቡን እየጠረገ። «አፅሙ አለ፤ ከሥሩ ለይተን ማውጣት ግን አንችልም። ዛፉ ካልወደቀ አይሆንም፤ ዛፉን ለመጣል ደግሞ ለሁለት ሰው የአራት ቀን ሥራ ነው።»

እኅቱ በጉድጓዱ አፋፍ ተንበርክካ እጇን አስገባች፤ አፈሩንና ሥሩን ለረጅም ጊዜ ዳሰሰች። ብዙ ስላላየች እጇ ነበረ የሚያይላት።

«ተዉት» አለች። «ወስዷታል። በግድ አንቀማውም።»

«እትዬ፣ መሐንዲሱን ልለምነው፤ ሰው ይጨምርልን ይሆናል።»

«ተወው አልኩህ። ይልቅ ቀን አለህ፤ ሂድና ስሙን አስለውጥ። ሚስትህን አንሣ። ጉድጓዱ ባዶውን አይቅር።»

የሰፋችውን ነጭ ጨርቅ አጣጥፋ በእጁ ሰጠችው። አባ ሐረግ ኮረብታውን በሩጫ ወረደ፤ በዚያ ዕድሜው ሲሮጥ ያዩት ሰዎች ቤት የተቃጠለ መስሏቸው ከየሱቁ ወጥተው ነበረ። የአገረ ገዥው ግቢ ግን ተዘግቶ አገኘው። የጦሩ አዛዥ የሐዲዱን ሥራ ሊጎበኙ ስለ መጡ ሹማምንቱ ሁሉ አቀባበል ላይ ነበሩ፤ በር ጠባቂው ፈቃዱን አየና በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ።

«ማኅተሙ በእናትዎ ስም ነው አባቴ። በዚህ ሌላ አፅም ቢያነሡ በአዲሱ በር ላይ ይመልሱዎታል። ጸሐፊው ከነገ ወዲያ ይገባል።»

«ነገ ቀኑ ያልቃል እኮ፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ» አለ በር ጠባቂው።

አባ ሐረግ እስከ ምሽት በአጥሩ ሥር ተቀመጠ። ከግቢው ማዶ የመለከት ድምፅ ይሰማ ነበረ። ደጋግሞ አሰበ፤ ኮረብታው ላይ ወጥቶ በገዛ እጁ ቆፍሮ፣ አፅሙን አንሥቶ በቤቱ ጓሮ ስለ መቅበር አሰበ፤ ይህንንም ያደረጉ ሁለት ቤተሰቦች ተይዘው አፅማቸው ተወስዶ እንደ ነበረ ያውቃል፤ የት እንደ ተወሰደ የነገራቸውም አልነበረም። ስለዚህ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ። እኅቱ የእግሩን ኮቴ ሰምታ መጣችና እጁን ስትዳስስ ጨርቁ እንደ ታጠፈ ነበረ።

በሠላሳ አንደኛው ቀን መዶሻና ባሩድ ገባ። ታላቁ ሾላ በሁለተኛው ፍንዳታ ወደቀ። ሐውልቶቹ በግንባራቸው እየተደፉ፣ ሐረጉ ተጎትቶ ሲወጣ አብሮ አፈሩን እየዘረገፈ፣ ንቦቹም ከነጋዴው ሐውልት ወጥተው በሠራተኛው ላይ ሲዘምቱ አንድ ቀን ሥራው ተቋርጦ ነበረ፤ ኮረብታው የተዋጋው ያን ቀን ብቻ ነው። አባ ሐረግ ሂድ ቢሉትም አልሄደም፤ ሥራ የለህም ቢሉትም መጥረጊያውን ይዞ በየቀኑ ይመጣ ነበረ፤ የሚጠርገው መተላለፊያ ግን አልቀረም።

በዚያው ወር ከወንዙ ዳር የድልድዩ ምሰሶ ሲሠራ መሐንዲሱ ሰው ልኮ አስጠራው። ከተከመረው ድንጋይ መካከል አንዱ ለብቻው ተቀምጦ ነበረ፤ ሐረጉ ስለ ተላጠለት «ተወጅ» የሚለው ቃል ገና ትናንት የተቀረጸ መስሎ ጎልቶ ይታያል።

«ይህን እርስዎ እንደ ጠረቡት ሰማሁ» አለ መሐንዲሱ። «ልመልስልዎ ሥልጣን የለኝም፤ ድንጋዩ በቁጥር ነው። ነገር ግን ከጎርፉ በላይ ባለው ረድፍ አኖረዋለሁ። የትኛው ፊቱ ወደ ውጭ ይሁን?»

አባ ሐረግ በድንጋዩ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ። ፊደሉ ወደ ውጭ ቢሆን አላፊ አግዳሚ ያነበዋል፤ ስሕተቱንም አይቶ ይስቃል፤ ዝናብና ነፋስም ይልሰዋል። ወደ ውስጥ ቢሆን ስሟን ዳግመኛ ሰው አያየውም።

«ወደ ውስጥ ይሁን» አለ በመጨረሻ። «ብርድ አትወድም ነበር።»

ግንበኛው ጭቃውን አነጠፈ፤ ድንጋዩን በአራት ሰው አንሥተው አስገቡት። መሐንዲሱ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሞ ነበረ። ከሦስት ወር በኋላ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረና ከዚያ በኋላ በዚያች ከተማ አልታየም።

የመጀመሪያው ባቡር በሁለተኛው ዓመት አለፈ። የአባ ሐረግ እኅት በዚያው ክረምት ሞተች፤ በእናቷ ስም ተይዞ ባዶውን የቀረው ጉድጓድ ለእሷ ሆነ፤ ጸሐፊው መዝገቡ ላይ ስሙን ለመለወጥ ሦስት ቀን ፈጀበት፤ ሙት ግን ይታገሣል። አባ ሐረግ ከፈነዳው ኮረብታ ጭብጥ አፈር ወስዶ በላይዋ ላይ ሊበትንላት ሄዶ ነበረ፤ አፈሩ ሁሉ ለሐዲዱ መደላድል ተወስዶ አለታማ ገደል ብቻ አገኘ። እሱ ከእሷ በኋላ አምስት ዓመት ኖረ። ምሽት ምሽት በደጃፉ ተቀምጦ የተቀበሩትን በረድፋቸው በስማቸው ይጠራ ነበረ፤ የሰሜኑን ረድፍ፣ የሾላውን ረድፍ፣ የባላባቶቹን ረድፍ፤ ጎረቤት ጃጀ ብሎ አለፈው። በየዓመቱ ረድፉ ያጥር ነበረ፤ በሞተ ጊዜ ስንቱ እንደ ቀረው የሚያውቅ የለም፤ ከአፉ ተቀብሎ የጻፈም አልነበረም።

የዘመኑ የቤተ መንግሥት ታሪክ ጸሐፊ ስለዚያ የብረት መንገድ አሥራ አራት ገጽ ጽፏል። የጦሩ አዛዥ በትኩረት እንደ ተከታተሉት፣ አገረ ገዥው በትጋት እንዳስፈጸሙት፣ ድልድዩም በጥሩ ጥርብ ድንጋይ እንደ ተሠራ ይነበባል። ስለ ኮረብታው የተጻፈው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «በምዕራብ በኩል ያለው ስፍራ ጠፍና ዳዋ የዋጠው ስለ ነበረ ሥራው ያለ መሰናክል ተፈጸመ።» ጸሐፊው ዋሽቷል ለማለት አይቻልም፤ ነዋሪ ቆጥሮ ነበረ፣ ነዋሪም አላገኘም፤ አጥር ፈልጎ ነበረ፣ አጥሩን ሐረግ ሸፍኖታል። ሊጠየቅ የሚችለው አባ ሐረግም በዚያን ጊዜ ገና በሕይወት ነበረ፤ ቤቱ ከጸሐፊው ማረፊያ የሁለት ጎዳና ያህል ብቻ ይርቃል፤ ነገር ግን ማንም አላመለከተውም፣ ጸሐፊውም አልጠየቀም።